ኔትፕላን፣ ኔትወርክማናጀር ወይስ ኔትወርክዲ? የሊኑክስ ሰርቨሮችን በአውቶሜሽን ለሚያስተዳድር ሰው የመምረጫ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጅማ ያለ አንድ ሰርቨር ላይ የጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣው የኔትወርክ በር) አድራሻ እቀይራለሁ። ሥራው ቀላል ነበር። የአንሲብል (ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚያዝ መሳሪያ) ፕሌይቡኩ፣ ማለትም የትእዛዝ ዝርዝሩ፣ የኔትወርክ ፋይሉን ይጽፋል፣ ከዚያ አገልግሎቱን ሪስታርት ያደርጋል፣ አለቀ። ኢንተር ነካሁ። ስክሪኑ ቀጥ አለ። አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ። ፒንግ ባደርግ መልስ የለም።

ተሳስቼ ነው። 10.20.3.1 መሆን የነበረበትን 10.20.3.11 ብዬ ጽፌዋለሁ። አንዲት ቁጥር።

ለግቢው ዘበኛ ደወልኩ። «ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ፤ ክፍሉን ከፍተው ጥቁሩን ማሽን አጥፍተው ያብሩልኝ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ሄደው አደረጉልኝ። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ። እኔ ጋ ግን ያው ዝም ነው። ስህተቱ ፋይል ላይ ስለተቀመጠ መቶ ጊዜ ጠፍቶ ቢበራ የሚያነበው ያንኑ የተሳሳተ አድራሻ ነው። በማግስቱ ሰው ተሳፍሮ ሄደ። ቅርንጫፉ እስኪደርስ ድረስ ሥራ ፈቶ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ የኔትወርክ መሳሪያ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እኔ ስሳሳት ይህ መሳሪያ ሰው ሳይነካው ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ? ስለ አጻጻፍ ብዙ እንከራከራለን። ያምል የሚባለው የኮንፊግ አጻጻፍ ያምራል፣ አይ ቀላል ፋይል ይሻላል እንባባላለን። አጻጻፍ በሳምንት ይለመዳል። ራሱን የማይመልስ መሳሪያ ግን ሃምሳ ሰርቨር ላይ በአንድ ኮማንድ ስትጠቀሙበት፣ ስህተታችሁም በሃምሳ ይባዛል።

ከላይም ከታችም ያለውን እንለይ

«እኔ ኔትወርኩን በአንሲብል ነው የማስተዳድረው» የሚል ባልደረባ አለኝ። አንሲብል ግን ራሱ አይፒ አድራሻ አያስቀምጥም። አድራሻውንም ራውቱንም (መንገዱንም) የሚይዘው ታች ያለው ከርነል፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ነው። «አይፒ» በሚለው ኮማንድ ከርነሉን በቀጥታ ማዘዝ ይቻላል፤ ማሽኑ ሪቡት ሲደረግ ግን ያዘዛችሁት ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ መሃል ላይ ፋይል አንብቦ ለከርነሉ የሚያስተላልፍ መሳሪያ ያስፈልጋል። የዛሬው ምርጫችን እሱ ነው። አንሲብል፣ ፐፔት ወይም ሶልት ከእሱ በላይ ሆነው ፋይሉን ያደርሳሉ፣ ከዚያ «በል አሁን አንብብ» ይሉታል። የመሃሉ ደካማ ከሆነ የላይኛው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አያድናችሁም።

ኢፍአፕዳውን እና ታናሽ ወንድሙ

ዴቢያንን ያለ ዴስክቶፕ በተለመደው ኢንስቶለር ስትጭኑ የምታገኙት ኢፍአፕዳውን ነው። አንድ ፋይል ነው ያለው፣ ስሙም «ኢንተርፌስስ» ይባላል። ስታነቡት ወዲያው ይገባችኋል። ለአንድ ሰርቨር፣ ለአንድ የኔትወርክ ካርድ፣ ለማይቀያየር አድራሻ ዛሬም በቂ ነው።

ለአውቶሜሽን ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለው። ኢንተርፌሱን ዝቅ ሲያደርግ የሚያነበው አሁን ያለውን ፋይል ነው። አስቡት፤ ፕሌይቡኩ አዲሱን ፋይል ጻፈ፣ ከዚያ «አውርድና አንሳ» አለ። መሳሪያው ሊያወርድ የሚሞክረው በአዲሱ ፋይል ላይ የተጻፈውን ነው። አሮጌው አድራሻና ራውት ግን ከርነሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሰርቨሩ ለጊዜው የሚሠራ ይመስላል። ከሦስት ወር በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲነሳ ሌላ ሰርቨር ሆኖ ይነሳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ማውረድ፣ ቀጥሎ ፋይሉን መቀየር፣ ከዚያ ማንሳት ነው። በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) ላይ ሆናችሁ መጀመሪያ ካወረዳችሁት ደግሞ ማን ያነሳዋል? ስህተትን የመመለስ ነገርም በውስጡ የለም። የጅማው ሰርቨሬ ላይ የነበረው ይህ ነው።

ኢፍአፕዳውን 2 የሚባለው በኪዩሙለስ ኔትወርክስ በፓይተን እንደገና የተጻፈ ነው። አጻጻፉ ከበፊቱ ጋር ይግባባል፣ ሥራው ግን በጣም ይለያል። «ኢፍሪሎድ» ስትሉት ፋይሉን ካለው ሁኔታ ጋር አወዳድሮ የተለወጠውን ብቻ ይነካል። «ኢፍኩዌሪ» ደግሞ ፋይሉና ከርነሉ ይስማሙ እንደሆነ ይነግራችኋል። የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያው ፕሮክስሞክስ ከስሪት 7 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አዲስ ሲጫን ይህንኑ ይዞ ይመጣል። ፕሮክስሞክስ የምታስተዳድሩ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። የዌብ ገጹ ራሱ የሚጽፈው ያንን ፋይል ስለሆነ ሌላ መሳሪያ ብታስገቡ ራሳችሁን ነው የምታደክሙት።

ኔትፕላን

የኡቡንቱ ኩባንያ ካኖኒካል ኔትፕላንን በኡቡንቱ 17.10 ዋና አደረገው። ብዙዎቻችን ግን ያወቅነው በ18.04 ነው። አገራችን ውስጥ ሊኑክስ የጀመረ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በኡቡንቱ ስለሚጀምር፣ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ውስጥ ብዙዎቹ እጃቸው ላይ ያለው እሱ እንደሆነ እገምታለሁ።

ኔትፕላን ራሱ ኔትወርክ አያስተዳድርም። የጻፋችሁትን ያምል ወደ ኔትወርክዲ ወይም ወደ ኔትወርክማናጀር ቋንቋ ይተረጉማል። ሰርቨር ላይ በተለምዶ ከሥሩ ያለው ኔትወርክዲ ነው። ይህን ማወቅ ችግር ሲመጣ ይጠቅማል። ሎግ የምትፈልጉት በኔትፕላን ስም ሳይሆን በታችኛው ስም ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሰዓታት ያባክናል።

እኔ በጣም የምወድለት ነገር «ኔትፕላን ትራይ» ነው። አዲሱን ኮንፊግ ይተገብራል፣ ከዚያ ማረጋገጫ ይጠብቃል። በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጣችሁ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ያን ምሽት ይህ ቢኖረኝ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሰርቨሩ ራሱ ተመልሶ ጋሼንም ከእንቅልፋቸው ባልቀሰቀስኩ ነበር። በእጅ ለሚሠራ ሰው ኢንተር መጫን በቂ ነው። ለአውቶሜሽን ደግሞ ሲግዩዘር 1 የሚባለውን ሲግናል ለፕሮሰሱ በመላክ ማረጋገጥ ይቻላል። ስለዚህ ፕሌይቡኩ ትራይን ከበስተጀርባ አስነስቶ፣ እንደገና መገናኘት መቻሉን አይቶ፣ ከተገናኘ ብቻ ሲግናሉን ይልካል። ካልተገናኘ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የቦንድ (ብዙ ካርዶችን እንደ አንድ ማሠራት) እና የብሪጅ (ኔትወርኮችን ማገናኛ) ልዩ ፓራሜትሮችን ትራይ አይመልስም። እንዲህ ያለ ለውጥ ካለባችሁ ከታች የምነግራችሁን ሌላ መድን ተጠቀሙ።

አሁን ወደሚያስቸግረው። ኔትፕላን በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በስም ቅደም ተከተል አንብቦ ያዋህዳቸዋል። አንድ ቁልፍ ሁለት ቦታ ላይ ነጠላ ዋጋ ከያዘ የኋለኛው ያሸንፋል። ዝርዝር ከሆነ ግን ይደማመራል። አድራሻ የሚጻፈው በዝርዝር ነው። ስለዚህ በ50 የሚጀምረው ፋይል ላይ አንድ አድራሻ እያለ፣ እናንተ በ99 የሚጀምር ፋይል ላይ ሌላ አድራሻ «ልተካ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ሰርቨሩ ሁለቱንም ይይዛል። ለሁለት አድራሻ ለምን ይመልሳል ብሎ ፋየርዎል የሚበረብር ሰው አይቻለሁ። አሮጌውን ፋይል አጥፉት። በፕሌይቡካችሁም «ይህ ፋይል አይኑር» የሚል መስመር ይኑር።

በ50 የሚጀምረውን ያንን ፋይል የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩን መጀመሪያ ሲነሳ የሚያዋቅረው ክላውድ-ኢኒት ነው። በክላውድ ላይ ወይም ከተዘጋጀ ኢሜጅ የተነሳ ሰርቨር ከሆነ፣ ኔትወርኩን እናንተ ልትይዙት ስትፈልጉ ክላውድ-ኢኒት እጁን እንዲያነሳ ንገሩት። በራሱ ኮንፊግ ውስጥ ኔትወርክን «ዲሴብልድ» ማድረግ ይቻላል። ያን ካላደረጋችሁ አንድ ቀን ያጠፋችሁት ፋይል ተመልሶ ታገኙታላችሁ።

ሌላው ትንሽ ነገር፤ የቆዩ ምሳሌዎች ላይ ያለው «ጌትዌይ 4» የሚለው ቁልፍ ጊዜው አልፎበታል። አሁን የሚጻፈው «ራውትስ» ሥር ነው። የፋይሉ ፈቃድም 600 ይሁን። ከዚያ ከሰፋ አዳዲሶቹ ስሪቶች ያስጠነቅቃሉ። የዋይፋይ ወይም የቪፒኤን ቁልፍ እዚያ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው። ከስሪት 1.0 ጀምሮ ደግሞ «ኔትፕላን ስታተስ» በፋይሉና በእውነተኛው ሁኔታ መካከል ያለውን ልዩነት ማሳየት ይችላል። ይህ ስሪት ከኡቡንቱ 24.04 ጋር የመጣ ነው። በየሌሊቱ ይህን አስሂዳችሁ ልዩነት ካለ ለራሳችሁ መልእክት ላኩ። ጥሩ ልማድ ነው።

ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ

በ2014 እ.ኤ.አ. ከሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው) 210 ጋር የመጣ ነው። ቀላል ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሲስተምዲ ባለበት ሁሉ ሊገኝ ይችላል። ፋይሎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ሊንክ ለካርዱ ስም፣ ኔትዴቭ እንደ ቪላን (በአንድ ካርድ ላይ የተከፈለ ኔትወርክ) እና ብሪጅ ላሉ የሚፈጠሩ ነገሮች፣ ኔትወርክ ለአድራሻና ለራውት። ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ትንሽ ፋይል ስላለ በአንሲብል ቴምፕሌት ለመጻፍ ደስ ይላል። ከሲስተምዲ 244 ወዲህ «ኔትወርክሲቲኤል ሪሎድ» ስላለ አገልግሎቱን በሙሉ ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም።

ከኔትፕላን የመጣ ሰው እዚህ ይሰናከላል። ኔትወርክዲ ኔትወርክ ፋይሎችን አያዋህድም። በስም ቅደም ተከተል መጀመሪያ የገጠመውን ይወስዳል፣ የቀሩትን ለዚያ ኢንተርፌስ አይመለከታቸውም። በ99 የጻፋችሁት ፋይል በ10 የተጻፈውን አያሸንፍም፤ ጭራሽ አይነበብም። ያለውን ፋይል በሌላ ትንሽ ፋይል ማሻሻል ከፈለጋችሁ ድሮፕ-ኢን የሚባለውን ፎልደር ተጠቀሙ።

ራሱን የመመለስ ችሎታ የለውም። ይህን ከውጭ ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው።

ኩበርኔቲስ (የኮንቴይነሮች ማስተዳደሪያ) የምታስኬዱ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለውን ታሪክ በደንብ አንብቡት። ማርች 8 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ሰርቨሮችን የሚከታተለው የዳታዶግ አገልግሎት በዓለም ዙሪያ ወደቀ። ኩባንያው በኋላ ራሱ በዝርዝር እንዳስረዳው፣ መነሻው ኡቡንቱ 22.04 ላይ በራሱ የተጫነ የሲስተምዲ የደህንነት ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው ኔትወርክዲን ሪስታርት አደረገው። ኔትወርክዲ ሲነሳ የማያውቃቸውን የራውት ሕጎች ጠረገ። ከጠረጋቸው ውስጥ የኮንቴይነሮች ኔትወርክ መሳሪያ የሆነው ሲሊየም ለኮንቴይነሮቹ ያስቀመጣቸው ሕጎች ነበሩበት። በተለያዩ ክላውዶች ላይ ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች በአንድ ሰዓት አካባቢ ከኔትወርክ ወጡ።

ለምን ቀደም ብሎ አልታየም? ማሽን ከዜሮ ሲነሳ ኔትወርክዲ ይቀድማል፣ ሲሊየም ይከተላል። ስለዚህ የሚጠረግ ነገር የለም። ችግሩ የሚታየው ሁለቱ እየሠሩ ሳለ ኔትወርክዲ ብቻውን ሪስታርት ሲደረግ ነው። ሙከራ ስታደርጉ ሪቡት ብቻ አድርጋችሁ «ይሠራል» አትበሉ። አገልግሎቱንም ለብቻው ሪስታርት አድርጋችሁ እዩት። መፍትሔው ኮንፊጉ ላይ ሁለት መስመር ነው፤ «ማኔጅ ፎሬይን ራውትስ» እና «ማኔጅ ፎሬይን ራውቲንግ ፖሊሲ ሩልስ» የሚሉትን «ኖ» ማድረግ። ኔትፕላን ተጠቅማችሁም ከሥር ያለው ኔትወርክዲ ከሆነ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

ኔትወርክማናጀር ከኤንኤምስቴት ጋር

ኔትወርክማናጀር ስሙ በመጥፎ ይነሳ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ሬድ ሃት ሲያስጀምረው የተሠራው ለላፕቶፕ ነው። ሰርቨር ላይ መጀመሪያ የሚደረገው እሱን ማጥፋት ነበር፤ እኔም ለዓመታት ሳጠፋው ኖሬያለሁ። ያ ዘመን አልፏል። በሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 የድሮዎቹ ኔትወርክ ስክሪፕቶች «ከእንግዲህ አትጠቀሙባቸው» ተባሉ። በ9 አዲስ ፕሮፋይል የሚቀመጠው ኪፋይል በሚባለው አጻጻፍ ሆነ። በ10 ኢፍሲኤፍጂ የተባለው የድሮዎቹ ስክሪፕቶች አጻጻፍ ጭራሽ ወጣ። አልማና ሮኪ ሊኑክስም በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። ሱዜም በስሪት 12 ያመጣውን ዊክድ የተባለ መሳሪያ ትቶ በ16 ወደ ኔትወርክማናጀር ዞሯል። ስለዚህ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ሰው ምርጫው ተመርጦለታል። የሚቀረው ጥያቄ «እንዴት ልጠቀምበት» ነው።

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በአንሲብል የኤንኤምሲኤልአይ (የኔትወርክማናጀር ማዘዣ) ኮማንዶችን ማስኬድ ነው። ለሁለት ለውጥ ይሆናል፣ ለብዙ ግን ይዝረከረካል። ኮማንዱ ፕሮፋይሉን ይለውጣል እንጂ የሚሠራውን ኔትወርክ ወዲያው አይነካም። ፕሮፋይሉን እንደገና ማንሳት ወይም «ሪአፕላይ» ማድረግ ያስፈልጋል። ያን የረሳ ሰው ለውጡን የሚያየው በሚቀጥለው ሪቡት ነው።

ሁለተኛው ኪፋይሎችን በቴምፕሌት መጻፍ ነው። ይህን እወደዋለሁ፤ ፋይሉ አጭርና ንጹሕ ነው። ባለቤቱ ሩት፣ ፈቃዱ 600 መሆን አለበት። ካልሆነ ኔትወርክማናጀር ፋይሉን አይቀበለውም፣ እናንተም ለምን እንዳልሠራ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ሦስተኛው ኤንኤምስቴት ነው። ለብዙ ሰርቨር እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ኔትወርኩ ምን መምሰል እንዳለበት በያምል ትጽፋላችሁ። እሱ ይተገብራል፣ ከዚያ ከርነሉን መልሶ ጠይቆ የጻፋችሁት በትክክል መፈጸሙን ያረጋግጣል። ካልተፈጸመ ወዲያው ወደ ነበረበት ይመለሳል። በፋይሉ ላይ ያልጠቀሳችሁትን ኢንተርፌስ አይነካም። ይህ ለአውቶሜሽን ትልቅ እፎይታ ነው።

ግን እዚህ ላይ በጥንቃቄ አስቡ። የእኔን የጅማ ስህተት ኤንኤምስቴት ይይዘው ነበር ወይ? ዝም ብዬ «አፕላይ» ብለው አይይዘውም። የተሳሳተው ጌትዌይ እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ያለ አድራሻ ነው፤ ከርነሉ በደስታ ይቀበለዋል። «የጻፍከውን አድርጌያለሁ» ብሎ ይጨርሳል፣ እኔ ግን ውጭ ቀረሁ። መሳሪያው የሚያረጋግጠው ትእዛዙ መፈጸሙን ነው፤ ትእዛዙ ትክክል መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። ለዚህ ነው «ኖ ኮሚት» የሚለው አማራጭ የተሰጠው። በእሱ ስታስኬዱት ለውጡ ይተገበራል፣ በወሰናችሁት ጊዜ ውስጥ «ኮሚት» ካላላችሁት ግን ይመለሳል። ኮሚቱን የሚልከው ፕሌይቡኩ ከውጭ እንደገና ከተገናኘ በኋላ ይሁን። ኩበርኔቲስ ላይ ያለው የኤንኤምስቴት ኦፐሬተር አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ከለውጡ በኋላ ጌትዌዩን ፒንግ ያደርጋል፣ ዲኤንኤስ መመለሱን ያያል፣ ካልሆነ ይመልሳል።

በሬድ ሃት ሲስተም ሮልስ (ዝግጁ የአንሲብል ጥቅሎች) ውስጥ ያለው የኔትወርክ ሮልም ጥሩ ነው። «ኔትወርክ ስቴት» በሚለው ቫሪያብል ኤንኤምስቴትን ከሥር ይጠቀማል። ሞጁሉን ራሳችሁ ከመጻፍ ያድናችኋል። ከድሮው ኢፍሲኤፍጂ የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ማይግሬት» ፋይሎቹን ወደ ኪፋይል ይቀይርላችኋል። ወደ 10 ከመሻገራችሁ በፊት አድርጉት።

ካሊኮ ወይም ሲሊየም ባለበት ሰርቨር ላይ፣ እነሱ የሚፈጥሯቸውን ኢንተርፌሶች ኔትወርክማናጀር እንዳይነካ «አንማኔጅድ ዲቫይስ» በሚለው ውስጥ ስማቸውን አስገቡ። ኔትወርክማናጀር የማያውቀውን ኢንተርፌስ ልያዝ ማለት ይወዳል።

መሳሪያው ባይመልስ እናንተ መልሱት

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። የኔትወርክ ለውጥ ላይ ይህን ሁሌም አስቡ። መሳሪያችሁ ኢፍአፕዳውን ወይም ኔትወርክዲ ቢሆንም ራስን መመለስ በጥቂት መስመር ሊሠራ ይችላል። ፕሌይቡኩ መጀመሪያ የሚሠራውን ፋይል ኮፒ አድርጎ ያስቀምጣል። ቀጥሎ «ሲስተምዲ-ረን» በሚለው ኮማንድ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚነሳ ታይመር ያስነሳል። ታይመሩ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ አሮጌውን ፋይል መልሶ ሪቡት ማድረግ። ከዚያ አዲሱ ፋይል ይጻፋል፣ ይተገበራል። አንሲብል እንደገና ከተገናኘ ታይመሩን ያጠፋዋል። ካልተገናኘ ሰርቨሩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራሱን ይመልሳል።

ቅደም ተከተሉ አይሳሳትባችሁ። ታይመሩ ከለውጡ በፊት መነሳት አለበት። ፋይሉን ሳይመልሱ ሪቡት ብቻ የሚያደርግ ታይመር ደግሞ ምንም አያድንም። በጋሼ እጅ ያየሁት ይኸው ነው።

ለውጡን የሚተገብረው የአንሲብል ሥራ «ኤሲንክ» (ከበስተጀርባ የሚሄድ) ይሁን። አለበለዚያ አድራሻው ሲቀየር ግንኙነቱ ይቋረጥና ፕሌይቡኩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ «ዌይት ፎር ኮኔክሽን» ይከተል። «ሲሪያል» (በአንዴ የሚነኩት ሰርቨሮች ብዛት) ደግሞ መጀመሪያ 1 ይሁን። አንድ ሰርቨር ይሞክር፣ ከተሳካ አምስት፣ ከዚያ የቀረው። ሁሉንም በአንዴ ለመቀየር የሚያስቸኩል ምክንያት አይቼ አላውቅም።

ካርዱን በስሙ ሳይሆን በማክ አድራሻው (የካርዱ መለያ ቁጥር) መለየትም ልመዱ። የካርድ ስም ከርነል ሲሻሻል ወይም ካርድ ሲጨመር ሊቀየር ይችላል። ኔትፕላን፣ ኔትወርክዲና ኔትወርክማናጀር በማክ አድራሻ መለየት ይችላሉ።

እንግዲህ የትኛውን?

ሁሉም ሰርቨሮቻችሁ ኡቡንቱ ከሆኑ ኔትፕላን ላይ ቆዩ፣ ትራይን በሲግናል ተጠቀሙ። ከሥሩ ያለውን ኔትወርክዲን ጠንቅቃችሁ እወቁት። ሬድ ሃት፣ አልማ፣ ሮኪ ወይም አዲሱ ሱዜ ከሆነ ኤንኤምስቴት። ፕሮክስሞክስ ከሆነ ኢፍአፕዳውን 2። ዴቢያን ላይ ምርጫው ክፍት ነው። ለአዲስ ዴቢያን ሰርቨር እኔ ኔትወርክዲን ከታይመር ጋር እመርጣለሁ። ከኡቡንቱ ጋር ተቀላቅሎ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ኔትፕላንን ዴቢያን ላይም መጫን ይቻላል፤ የዴቢያን 12 የክላውድ ኢሜጆችም ይዘውት ይመጣሉ።

ከባዱ የተደባለቀ ቤት ነው። ግማሹ ኡቡንቱ፣ ግማሹ ሮኪ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም የማይነካው አሮጌ ሴንትኦኤስ 7። እንዲህ ያለ ቦታ ሠርቻለሁ። «አንድ መሳሪያ ሁሉም ላይ እንጫን» የሚለው ሐሳብ ይመጣል፤ ኔትወርክማናጀር ኡቡንቱም ላይ ይሠራልና። እኔ አልመክርም። ዲስትሪቢውሽኑ ከመረጠው ስትወጡ ኢንስቶለሩም፣ ማሻሻያውም፣ መረጃውም ከእናንተ ጋር አይሄድም። ይልቅ አንድ የምታደርጉት ዳታውን ነው። የእያንዳንዱን ሰርቨር አድራሻ፣ ጌትዌይ፣ ቪላንና ዲኤንኤስ በአንሲብል ኢንቬንተሪ (የሰርቨሮች መዝገብ) ውስጥ በአንድ ዓይነት ቫሪያብል ጻፉት። ከዚያ ሁለት ቴምፕሌት ይኑራችሁ፤ አንዱ ኔትፕላን፣ አንዱ ኤንኤምስቴት ይጽፋል። ሰርቨር ሲቀየር የሚቀየረው ቴምፕሌቱ ነው፣ አድራሻዎቹ አይነኩም። ሴንትኦኤስ 7ን ግን ለኔትወርክ አውቶሜሽን አትድከሙበት። ድጋፉ ጁን 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ጉልበታችሁን እሱን ለመተካት አውሉት።

የሁለት ባላ ነገር የማይሠራበት ቦታ አንድ አለ፤ የኢንተርፌስ ባለቤትነት። አንድን ካርድ ኔትወርክማናጀርም ኔትወርክዲም እንዲይዙት አትፍቀዱ። አንዱ የሰጠውን አድራሻ ሌላው ያጠፋዋል፣ ወይም ሁለቱም ራውት ያስቀምጣሉ። ወደ አዲስ መሳሪያ ስትሻገሩ አሮጌውን ማቆም ብቻ አይበቃም፤ «ማስክ» አድርጉት፣ ማለትም ጭራሽ እንዳይነሳ አግዱት። አለበለዚያ ከወራት በኋላ አንድ ማሻሻያ መልሶ ያስነሳዋል።

የምትጀምሩት ከዛሬ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ቨርቹዋል ማሽን አንሱና ኮንሶሉን ክፈቱ። ከዚያ ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ጌትዌይ በፕሌይቡካችሁ ላኩበት። እጃችሁን አንሱና ሰዓት ያዙ። የመመለሻው ሰዓት ሞልቶ ኤስኤስኤች በራሱ ተመልሶ ከተከፈተላችሁ ጅማ ላይም መሞከር ትችላላችሁ።